የመጨረሻው 35 ሰከንድ፦ ዱክ 67-61 እየመራ በሂውስተን 70-67 የተሸነፈው የት ላይ ነው?

ሰማያዊ ማሊያ

ኤፕሪል 5 ቀን 2025፣ ሳን አንቶኒዮ፣ አላሞዶም፣ የአሜሪካ ኮሌጆች የወንዶች ቅርጫት ኳስ ግማሽ ፍጻሜ፣ የእኛው ዱክ ከሂውስተን። ከ8 ደቂቃ ትንሽ በላይ ሲቀር ዱክ 59-45 ይመራ ነበር። 35 ሰከንድ ገደማ ሲቀረው ደግሞ 67-61። ያለቀው 70-67 ለሂውስተን ነው።

ወሬው ሁሉ የኮከባችን የኩፐር ፍላግ የመጨረሻ ውርወራ ላይ ሆኗል። ልጁ 27 ነጥብ አስቆጥሯል፤ ሽንፈቱን እሱ ላይ መለጠፍ ግፍ ነው። ያቺ ኳስ ከመወርወሯ በፊት ጨዋታው ሦስት ቦታ ላይ ተበላሽቷል፣ ሦስቱም ከውርወራ ችሎታ ጋር አይገናኙም። ቅደም ተከተሉ ይኸው፦

የሂውስተኑ ኢማኑኤል ሻርፕ ባለሦስት ነጥብ አገባ፣ 67-64። ኳሱን ከመስመር ስናስገባ የእነሱ ማይሊክ ዊልሰን ነጠቀ። አቻ የምታደርገውን ባለሦስት ነጥብ ሞክሮ ሳተ፣ ጓደኛው ጆሴፍ ተግለር ግን የተመለሰችውን አየር ላይ ይዞ ቅርጫቱ ውስጥ ደነከ፣ 67-66። ቀጥሎ በእኛው ታይሪስ ፕሮክተር ላይ ፋውል ተሠራ፣ ዋን ኤንድ ዋን (ሁለተኛዋ ነጻ ውርወራ የምትሰጠው የመጀመሪያዋ ከገባች ብቻ) ነበር፣ የመጀመሪያዋን ሳተ። ሪባውንዱ ላይ (የተሳተችውን ኳስ ለመያዝ ሲሻሙ) ፍላግ የሂውስተኑን ጄዋን ሮበርትስን ከኋላ ተጭኗል ተብሎ ፋውል ተነፋበት። ሮበርትስ 19.6 ሰከንድ ሲቀር ሁለቱንም አገባ፣ 68-67። ከዚያ የፍላግ ውርወራ አጥራ ቀረች፣ የሂውስተኑ ኤል ጄ ክራየር 3.7 ሰከንድ ሲቀር ሁለት ጨመረ።

ያልገባ፣ የተነጠቀ፣ የተጫነ። እነዚህን አንድ በአንድ እንያቸው።

የመስመር ዳር

ከመስመር ማስገባቱ ይቅደም፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

በኮሌጅ ወንዶች ሕግ የሁለተኛው አጋማሽ የመጨረሻ ደቂቃ ላይ ኳስ ከገባች ሰዓቱ ይቆማል። ስለዚህ ከሻርፕ ባለሦስት ነጥብ በኋላ የሚያጣድፍ ሰዓት አልነበረም። ያለው ገደብ 5 ሰከንድ ብቻ ነው፣ እሱም የሚቆጠረው ኳሱ በእጅህ ሲሆን ነው። ከገባ ኳስ በኋላ ደግሞ አስገቢው በመስመሩ ርዝመት ወዲያና ወዲህ መሮጥ ይችላል፤ ከፈለገም ከመስመር ውጭ ላለ ጓደኛው ማቀበል ይፈቀድለታል። ይህን ሁሉ ነጻነት ይዘን አንድ ቦታ ቆመን አጭር ፓስ ፈለግን።

ሂውስተን ላይ የሚሠራው አካሄድ ይህ ነው። አስገቢው ከሰሌዳው ጀርባ አይቆምም፣ ሰሌዳው ረጅም ፓስ ይዘጋበታል። ሁለት ሜትር ያህል ወደ ጎን ይወጣል። ሁለት ተጫዋቾች የነጻ ውርወራ መስመር አካባቢ ተጠግተው ይሰለፋሉ፣ አንዱ ለሌላው ስክሪን አድርጎ (በአካሉ ቆሞ የጓደኛውን ጠባቂ ዘግቶ) ራሱ ወደ ኳሱ ይዞራል። ብዙ ጊዜ ነጻ የሚሆነው ስክሪን የተደረገለት ሳይሆን ስክሪን ያደረገው ነው፣ ምክንያቱም ጠባቂው ለማገዝ ዞር ይላል። አራተኛው ሰው መሃል ሜዳ ላይ ቁመቱን ይዞ ይቆማል፣ አምስተኛው ከዚያም ያልፋል። ቁመት ያለው ሰው መሃል ላይ ያስፈለገው ፕረሱን (ሜዳውን ሙሉ የሚደረገውን ጫና) ከላይ ለማለፍ ነው። ዱክ ደግሞ ያን የሚያክል ረጅም ቡድን ሆኖ መሬት ለመሬት ተጫወተ።

ሜሮን ዲሲ

@የመስመር ዳር፣ ጥሩ ብለሃል፣ ግን አንድ ነገር ጨምርበት። ተግለር እኮ ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ኳሱን ከአስገቢው እጅ መትቶ ቴክኒካል ፋውል ተነፍቶበታል። ተከላካይ የመስመሩን ወሰን አልፎ በአስገቢው እጅ ያለን ኳስ ከነካ ቴክኒካል ነው፣ አንድ ነጻ ውርወራና ኳሱ ለእኛ። ያ ቅጽበት ለዱክ ማስጠንቀቂያ መሆን ነበረበት። ሂውስተን እያንዳንዷን ማስገቢያ ፊት ለፊት ተለጥፎ፣ ጀርባውን ለኳሱ ሰጥቶ እንደሚጠብቅ በግልጽ አሳይቶናል። ከዚያ በኋላ ያው አቀማመጥ ይዞ መምጣት አያስኬድም።

ፒክ ኤንድ ሮል

በመጨረሻው 35 ሰከንድ ላይ ብቻ ካተኮርን ትልቁን ነገር እንስታለን። ዱክ በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃ ተኩል ውስጥ ከሜዳ ያስቆጠረው አንዴ ብቻ ነው። አንዴ! ሌላው ሁሉ ከነጻ ውርወራ የመጣ ነው። 14 ነጥብ እየመራህ ሜዳ ላይ ካላስቆጠርክ ተጋጣሚህን እየጎተትክ ታመጣዋለህ።

ምክንያቱ ደግሞ የሚታይ ነው። አሰልጣኙ ከልቪን ሳምፕሰን ሂውስተንን የሚያስተምረው መከላከል ከፍ ብሎ በሚደረግ ስክሪን ላይ ሁለት ሰው ኳሱ ላይ መዝለል ነው። ኳስ የያዘው ሰው ወደ ኋላ ይገፋል፣ ድሪብሉን (ኳስ እያነጠረ መሄዱን) ያቆማል፣ ከሁለት ረጃጅም እጆች በላይ ማቀበል ይገደዳል። መልሱን አሰልጣኞች ሁሉ ያውቁታል፦ ስክሪን ያደረገው ሰው እስከ ቅርጫቱ አይሮጥም፣ የነጻ ውርወራ መስመር ላይ ቆም ብሎ ኳሱን ይቀበላል። እዚያ ሲደርስ ሁለት ተከላካይ ከኋላው ስለቀረ ፊቱ ላይ አራት ለሦስት ነው። ከዚያ ጥግ ላይ ላለ ወርዋሪ ወይም ቅርጫቱ ሥር ላለ ሰው ማቀበል ነው፣ በአንድ ድሪብል ውስጥ።

ይህ እንዲሠራ ግን ስክሪን የሚያደርገው ሰው ፓስ ማየት አለበት። የዱኩ ትልቅ ሰው ካማን ማሉዋች 2.18 ሜትር ነው፣ ከላይ ለሚወረወርለት ኳስ ግሩም ነው፣ መሃል ላይ ተቀብሎ ውሳኔ ማድረግ ግን ሥራው አይደለም። ለዚያ የተፈጠረው ማሊክ ብራውን ነበር፤ እሱ ደግሞ በማርች በአትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስ ውድድር ላይ ትከሻው ወልቆ ሙሉ አቅሙ ላይ አልነበረም። ስለዚህ የቀረው ምርጫ ፍላግን ኳስ ያዥ ከማድረግ ይልቅ ስክሪን አድራጊ ማድረግ ነው። ፕሮክተር ወይም ኮን ክኑፕል ኳሱን ይያዝ፣ ሁለት ሰው ይዝለልበት፣ ፍላግ መሃል ላይ ይቀበል። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ፊቱ ላይ ሦስት ተከላካይ ብቻ ይዞ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን።

ዱክ በተቃራኒው ሄደ። ኳሱን ቀስ ብሎ ያወጣል፣ ከ30 ሰከንዱ ውስጥ 20ው መሃል ሜዳ አካባቢ ያልቃል፣ ከዚያ ፍላግ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ብቻውን ይጋፈጣል። ሰዓት መግደል ማለት ውርወራ መግደል አይደለም። 20 ሰከንድ ከፈጀህ በኋላ እንኳን ጥሩ ውርወራ የሚያመጣ ሁለተኛ እንቅስቃሴ ያስፈልግሃል።

ሰማያዊ ማሊያ

@ፒክ ኤንድ ሮል፣ ይህን ፖስት ሁሉም ያንብበው። በተለይ ፍላግን ስክሪን አድራጊ ማድረግ ያልከው።

ሁለት ለአንድ

ፕሮክተር ስለሳታት ነጻ ውርወራ። ሰው "ሁለት ቢሰጠው ኖሮ" ይላል፣ ሕጉን የማያውቅ ብዙ ስላለ ላስረዳ። ቡድን በአንድ አጋማሽ 7ኛ ፋውሉን ሲሠራ ተጋጣሚው ዋን ኤንድ ዋን ያገኛል፦ የመጀመሪያዋን ካገባ ሁለተኛ ይጨመርለታል፣ ከሳተ ኳሷ ሕያው ናት። ሁለት ውርወራ በእርግጠኝነት የሚሰጠው ከ10ኛው ፋውል ጀምሮ ነው። ኤንቢኤ ውስጥም ሆነ በዓለም አቀፉ ሕግ ይህ የለም፤ የሴቶች ኮሌጅም በአራት ሩብ መጫወት ሲጀምር ትቶታል። የወንዶች ኮሌጅ ብቻ ቀረ።

ቁጥሩን ተመልከቱ። ከ100 ውስጥ 70 የሚያገባ ተጫዋች ሁለት ውርወራ ሲሰጠው ባዶ እጁን የሚመለሰው ከ100 ጊዜ 9ኙን ብቻ ነው። በዋን ኤንድ ዋን ግን 30 ጊዜ ባዶ ይመለሳል። ከ100 ውስጥ 90 የሚያገባው ደግሞ 10 ጊዜ ብቻ። ማለትም በዋን ኤንድ ዋን ጊዜ ኳሱ ማን እጅ ላይ ነው የሚለው ነገር ከምንም በላይ ይከብዳል።

ክኑፕል በዚያ የውድድር ዓመት ከ100 ከ90 በላይ የሚያገባ ልጅ ነበር። ኳሱ በመጀመሪያ ለእሱ እንዲደርስ፣ ካልሆነ ለእሱ እንዲመለስ ነው ማስገቢያው መነደፍ ያለበት። ሂውስተን እንደሚያውቀውና እንደሚዘጋበት ግልጽ ነው። ለዚህ ነው ስክሪን አድራጊው እሱ መሆን ያለበት፣ የመስመር ዳር ከላይ እንዳለው።

ሜሮን ዲሲ

ወደ ሪባውንዱ እንሂድ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ነጻ ውርወራ ላይ ሳጥኑ ዳር የሚሰለፉት ቢበዛ ስድስት ናቸው፦ አራት ከተከላካዩ ቡድን፣ ሁለት ከወርዋሪው ቡድን። ቅርጫቱ ሥር ያሉት የውስጥ ቦታዎች የተከላካዮቹ ናቸው። ፕሮክተር ሲወረውር እንግዲህ አራት የሂውስተን ሰዎች ከሁለት የዱክ ሰዎች ጋር፣ ውስጡንም ይዘው ቆመዋል። ሪባውንዱን የማግኘት ዕድልህ ትንሽ፣ ከኋላ የመጫን ፋውል ዕድልህ ሰፊ ነው። ሂውስተን ደግሞ ቦነስ ውስጥ (ዱክ የፋውል ገደቡን ስላለፈ እያንዳንዱ ፋውል ነጻ ውርወራ በሚያስገኝበት ጊዜ) ስለነበር ያ ፋውል ሰዓቱ ሳይንቀሳቀስ፣ ሌላኛው ቅርጫት ድረስ ሳይደክሙ ነጻ ውርወራ አስገኘላቸው።

ምን መደረግ ነበረበት? ማንንም አለማሰለፍ። አራቱም ከመሃል ሜዳ ወደ ኋላ ይመለሱ። ከገባች ጥሩ፣ ከሳተ ሂውስተን ሪባውንዱን በሰላም ይውሰድ፣ ግን 20 ሰከንድ ውስጥ ሜዳውን ሙሉ ተሻግሮ፣ ተሰልፎ በሚጠብቀው የዱክ መከላከል ላይ ማስቆጠር ይኖርበታል። በአንድ ነጥብ እየመራህ ነው። ያ መከላከል ዓመቱን ሙሉ ከአገሪቱ ምርጦች አንዱ ነበር። እሱን ማመን ነበረብን።

ክንደ ብርቱ

@ሜሮን ዲሲ፣ እዚህ ላይ አልስማማም እህቴ። መጀመሪያ ነገር ያ ፋውል ደካማ ጥሪ ነው። ጨዋታውን ሙሉ ከዚያ የባሰ ግፊያ ሲታለፍ ነበር። ሁለተኛ፣ ፍላግን የመሰለ ዘላይ ካለህ ከሁለት ሰው አንዱ አድርገህ ማሰለፍ ስህተት አይደለም። አንድ የማጥቃት ሪባውንድ ብታገኝ ጨዋታው አለቀ።

ሜሮን ዲሲ

@ክንደ ብርቱ፣ ጥሪው ደካማ ነው ብንል እንኳ ለዳኛው ዕድል የሰጠነው እኛ ነን። የፍላግ ክንድ በሮበርትስ ክንድ ላይ ነበር፣ ሮበርትስ ደግሞ ውስጡን ይዞ ቦክስ አውት አድርጓል (በጀርባው ዘግቶታል)። ከኋላ ሆነህ ስትዘል ዳኛው የሚያየው ጀርባ ላይ ያለን ሰው ነው። ፍላግ ይሰለፍ ካልክ ደግሞ ትእዛዙ አንድ መሆን አለበት፦ ኳሷ በቀጥታ ወደ እጅህ ካልመጣች አትዝለል፣ ዞረህ ሩጥ።

የመስመር ዳር

ሮበርትስ ጥሩ ነጻ ውርወራ ወርዋሪ አይደለም፣ ያም ሆኖ ሁለቱንም አገባ። ለእሱ ክብር ይገባዋል። ግን ያን ዕድል የሰጠነው ሳንገደድ ነው፣ የሚያናድደውም ይሄ ነው።

ሀገር ቤት ስፖርት

ማሉዋች ላይ አንድ ነገር ልበል። የደቡብ ሱዳን ልጅ፣ ዩጋንዳ ያደገ፣ በሴኔጋል የኤንቢኤ አካዳሚ የተማረ፣ በፓሪስ ኦሎምፒክ ለአገሩ የተሰለፈ ነው፤ በዚህ አካባቢ ቅርጫት ኳስ የምንከታተል ሁሉ እንደ ራሳችን እናየዋለን። በዚያ ጨዋታ ከ20 ደቂቃ በላይ ተሰልፎ አንድም ሪባውንድ አላገኘም። 2.18 ሜትር ሆኖ ዜሮ ሪባውንድ ሲባል ሰው ሰነፍ ይመስለዋል፣ እውነታው ግን ሌላ ነው።

ሂውስተን ሲያጠቃ ትልቁን ሰው በስክሪን ወደ ውጭ ይጎትተዋል። ማሉዋች ውርወራውን ለመከልከል ይወጣል ወይም ይዘላል፣ ያኔ የራሱ ሰው፣ ተግለር ወይም ሮበርትስ፣ ቅርጫቱ ሥር ጠባቂ የለውም። ይህን ቦታ መሸፈን ያለበት በሌላኛው በኩል ያለው ጋርድ (ከቅርጫቱ ርቆ የሚጫወተው ሰው) ነው፦ የራሱን ወርዋሪ ትቶ ወደ ውስጥ ገብቶ የትልቁን ሰው ወገብ በጀርባው መዝጋት። ሪባውንዱን ባያገኝም ችግር የለም፣ ሰውየው እንዳይዘል ካደረገ ሌላው ይወስደዋል። በዱክ በኩል ይህ ሽፋን ደጋግሞ ዘገየ። ተግለር የደነካትን ኳስ ደግማችሁ እዩዋት፦ ዊልሰን ሲወረውር የሁሉም ዓይን ኳሷ ላይ ነው፣ ተግለርን በአካሉ የነካው ሰው የለም። ረጅም ቡድን በቁመቱ ስለሚተማመን ቦክስ አውት ማድረግ ይተዋል፣ ዓመቱን ሙሉ ያዋጣል፣ ከዚያ እንደ ሂውስተን ያለ ቡድን ሲመጣ ዋጋ ያስከፍላል።

ፒክ ኤንድ ሮል

@ሀገር ቤት ስፖርት፣ ትክክል። ዊልሰን ያቺን ሲወረውር ዱክ ኳሱን ገና መነጠቁ ስለሆነ ሰው በየቦታው ተበትኖ ነበር፣ ይህንንም እናስብ። ነጠቃ የሚያመጣው ሁለተኛ ጉዳት ይሄ ነው፣ ቦክስ አውት የሚያደርግ ሰው በቦታው አይገኝም።

ክንደ ብርቱ

የመጨረሻው ውርወራስ? 68-67፣ ኳሱ የፍላግ፣ ሮበርትስ ብቻውን ፊቱ ቆሟል። ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ወረወረ፣ አጠረች። እኔ ይህችን ውርወራ ነገ ቢሰጡኝም እቀበላታለሁ። ያኔ 8 ሰከንድ አካባቢ ቀርቶ ነበር፤ ቀድሞ መወርወሩም ልክ ነው፣ ብትስት ሪባውንድ ለመሞከር ወይም ፋውል ለመሥራት ጊዜ ይተርፋል።

ፒክ ኤንድ ሮል

በሰዓቱ እስማማለሁ፣ በውርወራውም ብዙ አልከራከርም። ከሁለት ቀን በኋላ ሂውስተን ራሱ በፍሎሪዳ 65-63 ሲሸነፍ የመጨረሻዋን ኳስ ሳይወረውር ቀረ፤ ሻርፕ ለመወርወር ዘልሎ ዋልተር ክሌይተን ሲመጣበት ኳሱን ጥሎ መንካት አቃተው። ከዚያ አንጻር ፍላግ ወደ ቅርጫቱ የተጠጋ ውርወራ ማግኘቱ ጥሩ ነው።

የምነቅፈው አካባቢውን ነው። ሌሎቹ አራቱ ቆመው ያያሉ። ጠባቂዎቻቸው እንዲባክኑ ቢያንስ በተቃራኒው በኩል አንድ ስክሪን ይደረግ፣ አንድ ሰው ደግሞ ፍላግ ሲነሳ ወደ ቅርጫቱ ይሩጥ። ያጠረች ኳስ የምትመለሰው ወደ ፊት፣ ወደ ነጻ ውርወራው መስመር ነው። እዚያ የሚጠብቃት ሰው አልነበረም።

ካርታ

ሁላችሁም ስለ አንድ ጨዋታ ነው የምታወሩት። ዓመቱን ሙሉ እንየው። ዱክ 35-4 ጨረሰ። አራቱ ሽንፈቶች፦ በኬንታኪ 77-72 አትላንታ ላይ፣ በካንሳስ 75-72 ላስ ቬጋስ ላይ፣ በክሌምሰን 77-71 በክሌምሰን ሜዳ፣ በሂውስተን 70-67 ሳን አንቶኒዮ ላይ። የአራቱ ልዩነት ሲደመር 17 ነጥብ ነው። ደርሃም ላይ፣ በራሱ ሜዳ በካሜሮን አዳራሽ፣ አንድም አልተሸነፈም። ሳን አንቶኒዮ በወረቀት ገለልተኛ ሜዳ ነው፣ ግን ከሂውስተን በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ነው፣ ቀይ ማሊያ የለበሰው ሕዝብ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም።

አሁን የአራቱን የመጨረሻ ደቂቃዎች አስተያዩ። ኬንታኪ ላይ ኦቴጋ ኦዌ ከፍላግ እጅ ኳስ ነጠቀ። ካንሳስ ላይ የእነሱ ሃንተር ዲኪንሰን በሁለተኛው አጋማሽ ከሜዳ ተባርሮ እንኳን ማሸነፍ አልቻልንም። ክሌምሰን ላይ ፍላግ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች እየገፋ ሲገባ ተንሸራተተ። በሦስቱም ላይ ውሳኔው ሁሉ በአንድ የ17 እና የ18 ዓመት ልጅ እጅ ላይ ነው የሚወድቀው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ማርች 14 ሻርለት ላይ የሆነውን አስታውሱ። ፍላግ በቁርጭምጭሚቱ ጉዳት አልተሰለፈም፣ ዱክ ሰሜን ካሮላይናን በ24 ነጥብ ይመራ ነበር፣ በ74-71 ነው የተረፈው። 4.1 ሰከንድ ሲቀር ሰሜን ካሮላይና አቻ ያደረገበት ነጻ ውርወራ የተሰረዘው የቡድኑ ተጫዋች ቀድሞ ሳጥኑ ውስጥ ስለገባ ነው። ያንን ጨዋታ ስላሸነፍን ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ አላየውም። ሳን አንቶኒዮ ላይ የታየው ያው ነው፦ ሰፊ መሪነት፣ ቀዝቃዛ ማጥቃት፣ ጫና ሲመጣ የሚንቀጠቀጥ ኳስ አያያዝ።

ሁለት ለአንድ

@ካርታ፣ የሻርለቱን ማንሳትህ በጣም ጥሩ ነው። በኮንፈረንሱ 19-1 ስትሆንና አብዛኛውን በሰፊ ልዩነት ስታሸንፍ የመጨረሻውን ሁለት ደቂቃ በእውነተኛ ጫና ውስጥ የምትለማመድበት አጋጣሚ አይኖርህም።

የመስመር ዳር

ስለዚህ በልምምድ መፍጠር ነው። ለአዲሱ ቡድን አሰልጣኛችን ጆን ሻየር ማድረግ አለበት የምለውን በዝርዝር ልጻፈው፣ የታዳጊ ቡድን የምታሠለጥኑ እዚህ ካላችሁም ይጠቅማችኋል።

ሰሌዳው ላይ 67-61፣ 35 ሰከንድ ይሞላ። የመጀመሪያው ቡድን ይመራል፣ ሁለተኛው ቡድን ስድስት ተከላካይ ይሰለፍለት። ስድስተኛው ሰው አስገቢው ላይ ይቆማል፣ ሂውስተንን የመሰለ ጫና በአምስት ሰው አይገኝም። በስድስት ነጥብ ስትመራ የመጀመሪያው ትእዛዝ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ያለን ሰው ማስወርወር የለም ነው፣ ወደ ውስጥ ይግባና ሁለት ይውሰድ። ሻርፕ ላይ ይህ አልተደረገም። እያንዳንዱ ማስገቢያ በእጅ ምልክት ይጠራ፣ በቃል አይደለም፣ ከ60 ሺህ ሰው በላይ በሚጮህበት አዳራሽ የአሰልጣኝ ድምፅ መሃል ሜዳ አይደርስም። ኳሱ አራት ቆጥሮ ካልወጣ አስገቢው ራሱ ታይም አውት ይጥራ፣ አምስትን አይጠብቅ። የተቀበለው ሰው ወደ ጥግ አይዙር፣ ጥግ ላይ መስመሩ ሦስተኛ ተከላካይ ይሆንበታል፤ ፊቱን ወደ መሃል አዙሮ ሁለት እጁን ኳሱ ላይ አድርጎ ፋውሉን ይጠብቅ። ነጻ ውርወራውን ደግሞ ሯጩ ሳያርፍ፣ እያለከለከ ይወርውር፣ ከሳተ ሰዓቱ ይቀጥል፣ አራቱ ደግሞ መሃል ሜዳ ኋላ ሆነው ይጠብቁ።

ክንደ ብርቱ

ስድስተኛ ተከላካይ ያልከው ጥሩ ነው። አስገቢውም እየተቀያየረ ይሞከር፣ አንድ ሰው ብቻ ከለመደው በአምስት ፋውል ሲወጣ ሁሉም ነገር ይፈርሳል።

ሜሮን ዲሲ

ልክ ነው። አስገቢው ኳሱን ከሰጠ በኋላ ወዲያው ሜዳ ገብቶ የመልስ ፓስ መቀበያ ይሁን። ከመስመር ውጭ ያለን ሰው ማንም ስለማይጠብቀው ብዙ ጊዜ ነጻ የሚሆነው እሱ ነው፣ የነጻ ውርወራ እጁ ጥሩ የሆነውን ልጅ እዚያ ብታቆሙት ደግሞ ሂውስተንም ቢሆን ፋውል የሚሠራበትን ሰው መምረጥ አይችልም።